የኮሶ ሥር ድርሻ

አባቴ ወሰኔ ይሥሐቅ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ያሳለፉት በፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። በሬው ማሳቸውን የረገጠባቸውን፣ ቦይ ያዞረባቸውን፣ ድንበር የገፋባቸውን ሁሉ ከሰዋል፤ ተከሰውም ያውቃሉ። ወረቀቶቻቸውን በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፈው አልጋ ሥር ያኖራሉ፣ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ሃይማኖተኛ ናቸው፤ አንድ እሑድ ሳያስቀድሱ አይውሉም። ግን የሚካኤልን ቅጥር አልፈው ሲገቡ አይቼ አላውቅም። ክረምት ከበጋ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያስቀድሱት። ለምን ሲባሉ «ጉልበቴን ያመኛል፣ መቆም አልችልም» ይላሉ። በዚሁ ጉልበት ለክርክር መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር።

እኔም ብሆን ከነገር አልራቅሁም። ሞላሌ ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ከሳሹ ጧት ይመጣል፣ ተከሳሹ ከሰዓት፤ ለሁለቱም ማመልከቻ እጽፋለሁ። «ጠጄ ነገር አታውቅም፤ ነገር ትተይባለች እንጂ» ይሉኛል አባቴ።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በሩን ሞልቶ ሳለ በሱቁ ፌስቡክ መልእክት ገባልኝ። ገጹን የከፈትሁት ላሚኔሽን መጀመሬን ለማሳወቅ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኅቴ ልጅ በቀር የጻፈልኝ አልነበረም። «ክቡር የሞላሌ ፎቶ ኮፒ» ብሎ ይጀምራል። አማርኛው ስልክ የተረጎመው ስለሆነ አንዱን ሰው አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» ይለዋል፣ ቁም ነገሩ ግን ይገባል። ጸሐፊዋ ስሟ ጥሩሸዋ ነው። የምትኖረው ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ ነው። አያቷ ኪዳነ ወልድ ይሥሐቅ ዓምና አርፈዋል። ከመሞታቸው በፊት ያገራቸውን ስም ሞላሌ፣ ያረሱትን መሬት ደግሞ ኮሶ ሥር ብለው ነግረዋታል። የዘር ሐረጓን እየፈለገች ነው። በጥር ወር መጥታ መሬቱን ማየት ትፈልጋለች፤ የሚያውቅ ሰው ካለ እባክዎ ይንገሩልኝ ትላለች።

ኮሶ ሥር የእኛ ማሳ ነው። ከቤታችን በታች፣ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ የቆመበት የገብስ መሬት። ከባሕር ማዶ ዘመድ የወጣልኝ መስሎኝ ደስ አለኝና ሱቄን ዘግቼ አርባ ደቂቃውን መንገድ በእግሬ ገሠገሥሁት።

አባቴ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መልእክቱን አነበብሁላቸው። «ጥሩሸዋ» ስል ቀና አሉ። «ኮሶ ሥር» ስል ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መሬቱን ማየት አለች?»

«አዎ አባባ።»

«ሰው መሬት የሚያየው ለምንድነው?»

«ዘሯን እየፈለገች ነው እኮ። ናፍቋት ነው።»

«ስሚ ጠጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። ለናፍቆት አጥንት የቆጠረ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር አያት የሚቆጠረው ለጨዋታ አልነበረም። በርስት ጊዜ በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የደረሰ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ርስት ከቀረ አርባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ መሬቱ በስማቸው ተመዝግቦ ደብተር ወጥቶለታል። ይህን ብነግራቸው «መንግሥት ይለወጣል፤ አጥንት አይለወጥም» አሉኝ።

ከዚያ «ጻፊ» አሉኝና ድምፃቸውን ጠርገው፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው ያስጽፉኝ ጀመር።

«አንደኛ፣ ኪዳነ ወልድ የሚባል ሰው አናውቅም። ሁለተኛ፣ ብናውቀውም የአባታችን ልጅ አይደለም። ሦስተኛ፣ የአባታችን ልጅ ቢሆንም ድርሻውን ወስዶ ሄዷል። አራተኛ፣ ባይወስድም ጉዳዩ በይርጋ ይታገድልን።»

አራተኛው ላይ ስደርስ ስልኩ ላይ ጣቴ ቆመ። ይህን ዓይነት መልስ በየቀኑ እጽፋለሁ፤ ሰው መቼ እንዲህ እንደሚመልስ አውቃለሁ።

«አባባ፣ የአባታችሁ ልጅ ነው ያለ ማን ነው?»

«እሷ ናታ!»

«እሷ ያያቷን ስም ነው የጻፈችው። ይሥሐቅ የሚባል ሰው በመንዝ ስንት አለ? ስለ እርስዎ አባት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።»

አባቴ ያልተጠየቁትን አትመልሱ እያሉ አገሩን ሁሉ ሲመክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነባቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ባናውን እስከ ጆሯቸው ሳቡት።

«ወንድሜ ነው» አሉ።

ወንድም እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸው፣ ማለትም የእኔ አያት፣ ከሕግ ሚስታቸው በፊት ጥሩሸዋ ከምትባል ሴት ኪዳነ ወልድን ወለዱ። ልጁን አምጥተው ከቤት አሳደጉት። ሁለቱ ወንድማማቾች ኮሶ ሥርን አብረው አረሱ። አያቴ ሲሞቱ ኪዳነ ወልድ ድርሻዬን አለ። አባቴ ያኔ አፍላ ጎልማሳ፣ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ መሬቱ ለሁለት አይበቃም አሉ። በ1962 ዓ.ም. ተካሰሱ። የጽሑፍ ማስረጃ ስላልነበረ ዳኛው መሐላ ላይ ጣለው፤ አባቴም በሚካኤል ደጅ ቆመው «የአባቴ ልጅ አይደለም» ብለው ማሉ። ኪዳነ ወልድ ተረታ። በሳምንቱ ወደ አሰብ ወረደ፣ ከአሰብ በመርከብ ሄደ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

ያን ጊዜ የጉልበታቸው ሕመም ገባኝ። በጣም ተናደድሁባቸው፤ አዘንሁላቸውም። የቱ እንደሚበልጥ ስላላወቅሁ ስልኬን አነሣሁና ያስጻፉኝን አራት ነጥብ አጥፍቼ «ነይ። ኮሶ ሥርን የሚያውቅ ሰው አለ» ብዬ ላክሁ።

«ምን ብለሽ ላክሽ?»

«ነይ ብዬ።»

ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። ይልቅስ አገሩን አናገሩ። የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ፈረንጅ አጥንት ቆጥራ ልትመጣ ነው! ዛሬ ኮሶ ሥር ብላ ነገ የእያንዳንድሽን ጓሮ ታስቆጥራለች!» አሉ። እድርተኛው ሁሉ ከአንድ አባት የወረደ ዘመዳም ነው፤ አንዱ ጋ የተቆጠረ አጥንት ሁሉም ጋ ይደርሳል። ደነገጠ። መክሮም ተስማማ፤ ልጅቷ ስትመጣ የገዛ አያቱን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ሽማግሌው አፈወርቅ፣ ጠጥተውም ሳይጠጡም እስከ ዐሥራ አራት ቤት የሚቆጥሩት፣ መጀመሪያ ማሉ። የሚካኤሉ ቄስ መምሬ መርስዔ ኃዘን ብቻ «መዋሸት አልችልም፤ ዝም ማለት ግን እችላለሁ» አሉ።

ኅዳር ላይ ጥሩሸዋ ደግማ ጻፈች። ለአያቴ መቃብር ከኮሶ ሥር ጥቂት አፈር ልወስድ ይፈቀድልኛል ወይ? ትላለች። ኩርፊያቸውን ያስፈታው ይህ ሆነ።

«አየሽ! አፈር አለች! መጀመሪያ አፈሩን፣ ቀጥሎ መሬቱን!»

«ጥቂት ነው እኮ የምትለው አባባ።»

«ድንበር የሚገፋም ጥቂት ጥቂት ነው።»

በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ አንድ አቧራ የለበሰ መኪና ሱቄ ፊት ቆመ። መጀመሪያ አስተርጓሚው አብነት ወረደ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ የሞላሌን ብርድ በሹራብ የሚመልሰው መስሎት የመጣ። ቀጥላ እሷ ወረደች። ረዥም፣ ጠይም፣ ፀጉሯ እንደ ጠቦት የተጠቀለለ። አገሩን ለማየት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ዞር ዞር አለች። አባቴ ድንበራቸውን ሲያዩ እንዲህ ነው የሚቆሙት። ዘር ከልጓም ይስባል ያለው ማን ነበር? የያዘችውን ከረሜላ ለገበያው ሰው ሁሉ አደለች፤ እኔን ግን አቅፋ አልለቅ አለችኝ። አማርኛዋ ሦስት ቃል ነው፦ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ብላ» እና «ተው»። አያቷ ያስተማሯት እሱን ነው።

ወደ መንደራችን ስንሄድ በመንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ማስታወሻዋን ዘርግታ አፈወርቅ ፊት ቆመች።

«የአያትዎ ስም ማን ይባላል?» አለ አብነት።

«አያት?» አሉ አፈወርቅ ሰማይ ሰማይ እያዩ። «እኛ ቤት አያት አልነበረም።»

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት «እኔ አባቴንም በመልክ ብቻ ነው የማውቀው» አሉ። ሦስተኛው ሰውዬ ጭራሽ የራሱ ስም ጠፍቶበት ሚስቱን ጠየቀ። ጥሩሸዋ ሁሉንም ጻፈች። ፊቷ በሐዘን ጠቆረና ለአብነት አንድ ነገር ሹክ አለችው።

«እዚህ አገር ብዙ ሰው የፈጀ በሽታ ገብቶ ነበር ወይ ትላለች» አለ አብነት።

«አልገባም» አልሁ። «ገና ዛሬ መግባቱ ነው።»

ኮሶ ሥር ስንደርስ አባቴ ቆመው ይጠብቁናል። የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል፤ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን በብብታቸው ይዘዋል። መምሬ መርስዔ ኃዘን መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎናቸው ቆመዋል። ነገር ሊያይ የመጣው እድርተኛ ደግሞ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ዳር ዳሩን ሞልቶታል። ጥሩሸዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። አባቴ በአንገታቸው ብቻ መለሱ፤ ሣጥኑን አጠበቁ።

ከሻንጣዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መስተዋት ያለው የግድግዳ ፍሬም ነው፤ ውስጡ አንድ ያረጀ ወረቀት። አብነት እየተረጎመ እንዲህ አለች፦ «ይህ በአያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። አያቴ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ ላይ የተጻፈበት ሌላ ወረቀት አልነበራቸውም። የቤተሰቤ ወረቀት ነው ይሉ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን ለማናችንም አንብበውልን አያውቁም። ዛሬ እዚህ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።»

ፍሬሙን ለእኔ ሰጠችኝ። ማኅተሙን ሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት መሆኑን አወቅሁ፤ በልቤ አነበብሁት። «ከሳሽ ኪዳነ ወልድ የሟች የአቶ ይሥሐቅ እንግዳወርቅ ልጅ ነኝ ሲል ያቀረበውን አቤቱታ ተከሳሽ ወሰኔ ይሥሐቅ በመሐላ ስለ ካደ ክሱ ውድቅ ሆኗል» ይላል።

የአባትህ ልጅ አይደለህም ያለውን ወረቀት፣ የአባቱ ስም ስላለበት ብቻ ኪዳነ ወልድ ሃምሳ ዓመት ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ኖረ።  ልጅቷ ፈገግ ብላ አፌን አፌን ታየኛለች። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት ነው ብዬ ሌላ ቃል ፈጥሬ ማንበብ አያቅተኝም። አፌን ልከፍት ስል አባቴ ማኅተሙን አዩት።

«አታንብቢ» አሉ።

ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክርክር ላይ የነበራቸው ያ ድምፅ አሁን ቀጥኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ እቆጥርላታለሁ። አብነት፣ ተርጉም። ኪዳነ ወልድ የይሥሐቅ የበኩር ልጅ ነው፤ ታላቄ ነው። ያ ወረቀት ውሸት ነው፤ ውሸቱም የእኔ ነው። አታሳምር፣ እንዳለ ንገራት። ይሥሐቅ የእንግዳወርቅ ልጅ ነው። እንግዳወርቅ የጎሽሜ። ጎሽሜ የዘርፉ። ዘርፉ...»

እዚህ ላይ እንባቸው ቀደማቸውና ቆሙ። 

«ዘርፉ አይደለም!» የሚል ድምፅ ከዳር ተሰማ። አያት ያልነበራቸው አፈወርቅ ናቸው። «ጎሽሜ የወልደ ጻድቅ ነው፣ ወልደ ጻድቅ የዘርፉ! ይህን ያህል ዓመት ተከራክረህ ይህን ትስታለህ?»

«ኧረ ተዉ! ወልደ ጻድቅ የዘርፉ ወንድም ነው!» አሉ አባታቸውን በመልክ ብቻ የሚያውቁት አሮጊት።

«ወንድሙማ ሀብተ ሥላሴ ነው፤ ጓሳ አገር የቀረው!»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ያ ሁሉ እድርተኛ ማሳው መሐል ገብቶ አያት በአያት ላይ ይከምር ጀመር። ስሙ የጠፋበት ሰውዬ በእናቱ በኩል ዐሥራ አንድ ደርሶ እጁን እያወናጨፈ ይምላል። ጥሩሸዋ የቱን ጽፋ የቱን እንደምትተው ግራ ገብቷት ማስታወሻዋን ለአብነት ሰጠችው፤ አብነትም ለእኔ ሰጠኝ። መምሬ መርስዔ ኃዘን በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው ዝም ባያሰኙን ኖሮ እስከ አዳም እንደርስ ነበር።

ጸጥ ሲል ጥሩሸዋ ወደ አባቴ ተጠጋች። አብነት ቀስ ብሎ ተረጎመ።

«አያቴ ኅዳር በገባ ቁጥር መስኮት ላይ ቆመው ‹ወሰኔ ገብሱን አጭዶ ይሆን?› ይሉ ነበር። ወሰኔ ማን ነው ስንላቸው ‹ታናሼ ነው፤ ማጭድ አያያዝ አያውቅም› ይሉናል። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። «ማጭድ ያስያዘኝ እሱ ነው።» ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። አባቴን ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ ምን እንደምትላቸው ቸግሯት ከሦስቱ ቃሎቿ አንዱን መረጠች፤ «ተው» አለቻቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው አንተ መባላቸውን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አፈሩ መጣ። ጥሩሸዋ ከኪሷ አንዲት የጨርቅ ከረጢት አወጣች፤ ጨው የሚቋጠርባትን ታህላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ አባቴ።

«ለአፈሩ ናት አባባ።»

«ለማን አፈር? ለኪዳነ ወልድ? ሂጂ ማዳበሪያ ጆንያ አምጪ!»

በገዛ እጃቸው ዛቁት። ሰው ላግዝዎ ቢል እምቢ አሉ፤ ያመኛል ባሉት ጉልበት ተንበርክከው ከኮሶው ሥር፣ ከመሐሉ፣ ከውሃ መውረጃው እያፈሱ ሞሉት። «ግማሹ የሱ ነው» ይላሉ ዘወር ባሉ ቁጥር። አብነት አውሮፕላን ኪሎ ይቆጥራል ብሎ ቢለምናቸው «ይቁጠር፤ እኛም ስንቆጥር ነው የዋልን» አሉት። በመጨረሻ ጥሩሸዋ ሻንጣዋን ከፍታ ሹራቦቿንና ጫማዎቿን አወጣች፤ በምትኩ አፈር ገባ። ሹራቦቿ እኔ ጋ ቀሩ፤ አንዱን አሁን ለብሼዋለሁ።

እሷ በሄደች በሳምንቱ አባቴ መምሬ መርስዔ ኃዘንን አስጠርተው ተናዘዙ። ንስሓ ተቀበሉ፤ ለኪዳነ ወልድ ተዝካር አወጡ። በቀጣዩ እሑድ ድንጋያቸው ላይ ሳጣቸው ደንግጬ ስፈልግ፣ ለካ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተቀመጡም። ጉልበቱ ተሽሏቸዋል።

ግንቦት ላይ ጥሩሸዋ ፎቶ ላከች። የኪዳነ ወልድ መቃብር ነው፤ ዙሪያው የተላጨ የሚመስል ሣር፣ መሐሉ ላይ ግን አንድ ክንድ የሚሆን አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። የመቃብሩ ጠባቂ ምን እንደሆነ ጠይቋት መልስ አጥታለች፤ ልንቀለው ወይ ትላለች።

ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

«ገብስ ነው» አሉ። «ኮሶ ሥር የረገፈው የእኛ ገብስ ነው። አፈሩ ይዞት ሄዶ።» ጣታቸውን ፎቶው ጥግ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ግን ሙጃ ነው። ጻፊ።»

አራት ነጥብ ሊያስጽፉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ገብሱን እንዳትነካው በያት። ሙጃውን ትንቀልለት፤ ድርሻው በአረም አይበላ።»